ሁለት ኮፍያ፣ አንድ ራስ

አዳማ የስብሰባ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ የምትርቀው መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ሆቴልና አዳራሽም ስለማያንሳት፣ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ "ግምገማ" ሲል፣ "ዐውደ ጥናት" ሲል፣ "ግንዛቤ ማስጨበጫ" ሲል ወደ እርሷ ይወርዳል። ፀሐይዋ አናት ትበሳለችና እዚያ የሚሰበሰብ ሰው ኮፍያ ቢያደርግ ማንም አይፈርድበትም። እኔን የከነከነኝ ግን ራስ ላይ የሚደረገው ሳይሆን ምላስ ላይ የሚደረገው ኮፍያ ነው።

አንዱ ማይክሮፎን ይይዝና "አሁን የኃላፊነት ኮፍያዬን አውልቄ እንደ ግለሰብ ልናገር" ይላል። ቀጥሎ የሚነሣው "እኔ እንግዲህ እዚህ ሁለት ኮፍያ ነው ያደረግሁት" ይላል፤ አንዱ የቢሮው፣ ሌላው የማኅበሩ መሆኑ ነው። ሦስተኛው "ለአዘጋጆቹ ባርኔጣዬን አነሣለሁ" ብሎ ባዶ ራሱን ይዞ ይቀመጣል። ጎበዝ፣ ይሄ ሁሉ ባርኔጣ ከየት መጣ?

ከፈረንጅ ነዋ! እንግሊዞች በባርኔጣ ብዙ ተናግረዋል። የማያውቀውን የሚቀባጥረውን "በባርኔጣው በኩል ያወራል" ይሉታል፤ ምስጢር ያዝልኝ ለማለት "ከባርኔጣህ ሥር አኑረው" ይላሉ፤ አይሆንም ብሎ የሚምለው ደግሞ "ከሆነማ ባርኔጣዬን እበላለሁ" ይላል። ስፔኖችም አይተናነሱም። ሶምብሬሮ የሚሉት ባርኔጣቸው ስሙን ያገኘው "ጥላ" ከሚለው ቃላቸው ነው። ላደነቁት ሰው ያወልቁታል፤ ነገር ሲመራቸውም "እስከ ቆቤ ደርሶብኛል" ይላሉ። ለእነሱ ያምርባቸዋል። መንገድ ላይ ሲተላለፉ ባርኔጣ እያነሡ ሰላምታ ሲሰጣጡ ኖረዋልና፣ አባባሉ ከኑሯቸው የወጣ ነው።

የእኛ ሰው ግን ሲያከብር ባርኔጣ አያነሣም፤ ራሱ ይነሣል። ተቀምጦ የነበረው ብድግ ብሎ "ኖር" ይላል፣ የገባው "በእግዜር" ይላል። ኩታውን ያደገድጋል፣ እጅ ይነሣል። በርግጥ ቃል መዋስ ነውር አይደለም። "ባርኔጣ" ራሱ የጣሊያን፣ "ኮፍያ" የዐረብ ነው። አፄ ምኒልክም ራሳቸውን በነጭ ሻሽ አስረው፣ ከላዩ ሰፊ ባርኔጣ አድርገው ፎቶግራፍ ተነሥተዋል፤ ንጉሥነታቸውን የተጠራጠረ የለም። ስለዚህ ባዶ ራሱን ይዞ "ባርኔጣዬን አነሣለሁ" የሚለውን ሰውዬ ስቀን እንለፈው። የማይታለፈው ባለ ሁለት ኮፍያው ነው።

ለምን ቢሉ፣ በእኛ ቋንቋ ራስ ላይ የሚወጣ ነገር ቀልድ አያውቅም። ግሶቹን ብቻ እዩ፦ ዘውድ ይደፋል፣ ቆብ ይጫናል፣ ጥምጥም ይጠመጠማል። ቆብ በግዕዙ ቆብዕ ነው፤ ዕብራይስጥም የሚጋራው ጥንታዊ ቃል። "ቆብ ጫነ" ማለት መነኮሰ፣ ዓለምን ተወ ማለት ነው። ዓለም መልሳ ካማረችው "ቆቡን ጣለ" ይባላል እንጂ "ሌላ ደረበ" አይባልም። የወታደሩ መለዮም "ለየ" ከሚለው ግሥ የወጣ ነው፤ ለባሹን ይለየዋል። ራስ ላይ ያለው ነገር ሰውዬው ማን እንደሆነ፣ ለማንስ እንደቆመ ይናገራል።

በስድስተኛው መቶ ዓመት የነበረው አፄ ካሌብ ሊመንን ሲቆርጥ፣ ትውፊቱ እንደሚለው፣ ዘውዱን ወደ ኢየሩሳሌም ልኮ ነው ገዳም የገባው። ዘውዱን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ ቆብ አልጫነም። "አንዱ ኮፍያዬ የንጉሥ፣ ሌላው የመናኝ ነው" አላለም።

እስቲ አሁን "ሁለት ኮፍያ"ን እንፍታው። የጨረታ ኮሚቴው ሰብሳቢ ከተጫራቾቹ በአንዱ ዘንድ ድርሻ አለው። መሬት የሚመራው ሹም መሬት በሚመራለት ማኅበር ውስጥ አባል ነው። ተቆጣጣሪው ለሚቆጣጠረው ድርጅት በክፍያ ያማክራል። ይህ ነገር በ2002 ዓ.ም. በወጣው የሀብት ማሳወቅና ማስመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 668 ስም አለው፤ የጥቅም ግጭት ይባላል። አበው ደግሞ ከአዋጁ በፊት "ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም" ብለዋል። ልዩነቱን ልብ በሉልኝ። ተረታችን ይከለክላል፤ ከውጭ የመጣው ኮፍያ ያስፈቅዳል። "አንድ ራስ ሁለት ምላስ" ብለን የምንነቅፈውን ነውር ሸፍኖ ችሎታ ያስመስለዋል። ሰውዬው ሊያፍርበት የሚገባውን ነገር በፈገግታ ያስተዋውቀናል፤ እኛም እናጨበጭባለን።

"ባለሙያ ባነሰበት አገር አንድ ሰው ሁለት ቦታ ቢሠራ ምን ይደረግ?" የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ ሐኪሙ ከሰዓት በኋላ በግል ክሊኒክ ቢሠራ፣ መምህሩ ማታ ቢያስተምር ኀጢአት አይደለም። ኀጢአቱ በራስ ጉዳይ ላይ ዳኛ ሆኖ መቀመጥ ነው። ሁለት ኃላፊነት ያለው ሰው በግልጽ አማርኛ ይናገር፦ "እዚህም እዚያም ደመወዝ አለኝ፤ ይህ ጉዳይ ይነካኛልና ከአዳራሹ ልውጣ።" አባባል አያስፈልገውም፤ በር ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

ከተዋስን አይቀር ከስፔኖቹ ሌላም እንዋስ። "በኮፍያ መብላት" የሚሉት አላቸው፤ ሳይከፍሉ፣ በሰው ኪስ መብላት ማለት ነው። መፈክር የታተመበት ኮፍያ ከአበል ጋር ለሚታደልበት ስብሰባ ከዚህ የተሻለ ስም አላገኘሁለትም።

ከአዳራሹ ወጣ ብትሉ ወንጂ አገዳ የሚቆርጠውን፣ መቂ ቲማቲም የሚለቅመውን ታገኙታላችሁ። እርሱ ያለው አንድ ኮፍያ ነው፤ የሚያደርገውም ለፀሐይ ነው። ጉዳይ ይዞ ቢሮ ሲገባ፣ ከጠረጴዛው ማዶ ያለው ሹም ዛሬ የትኛውን እንዳደረገ እንዲገምት ባናስገድደው ምን አለበት?