አማራጭ የማይታወቅ አማራጭ

የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች ስለ ኮምፒዩተር አንጀት ምን አገባችሁ የሚለን አይጠፋም። ያገባናል፤ ነገሩ የቃል ጉዳይ ነውና።

ባለፈው ሴሚስተር አንዱ ጓደኛችን በአሮጌ ላፕቶፑ ላይ ሊኑክስን ጫነ። ሁሉ ደኅና ሆኖ ዋይፋዩ ብቻ እምቢ አለ። ዕቃው አልተበላሸም፤ ከርነሉም መሣሪያውን ዐውቆታል። የጎደለው፣ ቺፑ ሥራ ሲጀምር የሚጫንለት ፈርምዌር የተባለው ትንሽ ፕሮግራም ነበር። ፈርምዌሩ ያለው ኢንተርኔት ላይ ነው፤ ኢንተርኔቱ ደግሞ ያለ ፈርምዌሩ አይገኝም። ሌላ ልጅ በፍላሽ እስኪያመጣለት ሁለት ቀን ተቀመጠ፤ የሚያስረክበው ጽሑፍ ግን ቀኑን አልጠበቀለትም።

ይህ ለምን ይሆናል? ፓኬጅ አዘጋጆች የአንዱን ፓኬጅ ከሌላው ጋር ያለውን ዝምድና በቃል ይወስናሉ። በዴቢያን ዘንድ «ግድ ነው»፣ «ይመከራል»፣ «ይጠቆማል» የሚሉ ደረጃዎች አሉ። ግድ የተባለው ከሌለ ፓኬጁ አይጫንም፤ የሚመከረው ባለቤቱ እምቢ ካላለ አብሮ ይመጣል፤ የሚጠቆመው ግን ካልጠሩት አይመጣም። ምንጩ የተዘጋ ፈርምዌር ደግሞ፣ በዴቢያን ደንብ፣ በዋናው ክፍል ባለ ፓኬጅ ሊመከር እንኳ አይፈቀድም። በአርች ሊኑክስም ከርነሉ ፈርምዌሩን የሚያነሣው በአማራጭ ተርታ ነው።

ግድ ይሁን አንልም። በቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ለሚሠራ ከርነል የዋይፋይ ፈርምዌር ምን ይረባዋል? ምንጩ ያልተገለጠ ፕሮግራም በቤቴ አይግባ የሚል ሰውም መብቱ ነው። ነገር ግን አማራጭ መኖሩን ለማያውቅ ሰው «አማራጭ ነው» ማለት በሩን ሳያሳዩ «ግባ ወይም ውጣ» እንደ ማለት ነው።

ዴቢያኖች እ.ኤ.አ. በ2022 በጉዳዩ ላይ ድምፅ ሰጥተው፣ በ2023 የወጣው ዴቢያን 12 መጫኛው አስፈላጊውን ፈርምዌር ይዞ መጣ፤ የማይፈልገውም የሚያስቀርበት መንገድ ተተወለት። መርሕ ተሸጠ ብለው ያዘኑ ነበሩ። እኛ ግን ደግ አደረጉ እንላለን፤ እምቢ ማለት የሚቻለው የቀረበለትን ነገር ላየ ሰው ነውና።

ያልተፈጸመ ነገር ግን አለ። ከርነሉ ያጣውን ፋይል ስም በመዝገቡ ይጽፋል፤ ያን መዝገብ ከፍቶ የሚያነብ ጀማሪ ማን ነው? የሥርዓቱ አዘጋጆች ያን ስም አውጥተው፣ «ዋይፋይህ ይህን ፓኬጅ ይፈልጋል» ብለው በፊት ለፊት ይንገሩት። እስከዚያው ሊኑክስ ለመጫን ያሰበ ጓደኛ ሁሉ ፈርምዌሩን አስቀድሞ በፍላሽ ይያዝ፤ ያም ካልሆነ ስልኩን በዩኤስቢ ገመድ አገናኝቶ ኢንተርኔት ይዋስ።