ለአፋር ቦቴ ላክን፣ ስለ አዋሽ ግን ማን ጠየቀ?



ድርቅ በመጣ ቁጥር የከተማ ልጆች የምንሠራው ሥራ ያስደስታል። ማታ በቴሌግራም ግሩፕ መልእክት ይለቀቃል፣ ጠዋት የሂሳብ ቁጥር ይወጣል፣ ከጁሙዓ ሶላት በኋላ መስጂድ በር ላይ ካርቶን ይዘው የሚቆሙ ልጆች አይጠፉም። በሳምንቱ ዱቄቱ፣ ዘይቱና ተምሩ ተጭኖ፣ የውሃ ቦቴ ተከራይተን ወደ አፋር እንወርዳለን። አላህ ከሁሉም ይቀበል። እኔም ካርቶን ይዘው ከቆሙት አንዱ ነኝ።

በቅርቡ ታዲያ በአንዱ ግሩፕ ውስጥ አንዲት ጥያቄ ጻፍኩ። «ጀመዓ፣ አፋርን መሃል ለመሃል አዋሽ እያቋረጠው እኛ ውሃ በቦቴ የምንልከው ለምንድን ነው?» አልኩ። አንዱ «ቀደር ነው ወንድሜ፣ ሶብር» አለኝ። ሌላው «ከብት ተከትለው ሲዞሩ ነው፣ አንድ ቦታ ቢቀመጡ ኖሮ ይሻላቸው ነበር» አለ። ሦስተኛው አድሚኑ ራሱ ነበር፦ «ይሄ የሶደቃ ግሩፕ ነው፣ ፖለቲካ አይወራበትም።» መልእክቴም ጠፋ።

ይህን የምጽፈው ለዚያ አድሚን ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ከኔ በላይ የለፋ ልጅ ነው። ግን ተሳስቷል፣ ስህተቱም የሁላችን ስህተት ነው።

መጀመሪያ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ እንይ። አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ ተነስቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ ባሕር ሳይደርስ አፋር ምድር ላይ፣ ጅቡቲ ድንበር ባለው አቤ ሐይቅ የሚያልቅ ወንዝ ነው። የአፋር አርብቶ አደር «ካርማ» በሚለው ዝናብ ወቅት መንጋውን ይዞ እንደ አሊደጌ ባሉ ሜዳዎች ላይ ይበተናል። ዝናቡ ሲያበቃ ሜዳው ይደርቅና ወደ አዋሽ ዳር ይመለሳል፤ እዚያ ጎርፍ አልብሶት የሄደ ሣር ይጠብቀዋል። የወንዙ ዳር ከሰፊው ሜዳ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። መንጋው በበጋ የሚተርፈው ግን በዚያ ትንሽ መሬት ነው። እሱ ከተወሰደ የቀረው ሰፊ ሜዳ ምንም አይሠራም። ሱቅህን ሳይነኩ በሩን ብቻ እንደመውሰድ ነው።

በሩም ተወሰደ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 130 በማንም ስም ያልተያዘ ንብረት፣ የግጦሽ መሬትና ወራጅ ውሃ ጭምር፣ የመንግሥት ነው አለ። «በማንም ስም ያልተያዘ» የሚለውን ልብ በሉ። የአፋር መሬት በጎሳ የተያዘ ነው፤ የትኛው ጎሳ የት እንደሚያሰማራ ሕፃን ልጅ ያውቃል። ወረቀት ላይ ግን የለም። በ1954 የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመ። ሚቸል ኮትስ የሚባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ተንዳሆ ላይ ጥጥ ዘራ፣ ኤች.ቪ.ኤ የሚባለው የሆላንድ ኩባንያ መተሐራ ላይ ሸንኮራ ተከለ። የመተሐራዎቹ ከረዩዎች በሸንኮራውና በአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ መሃል ተጣብቀው ቀሩ።

ከዚያ 1965 መጣ። «የወሎ ረሃብ» ብለን የምናውቀው ማለት ነው። በፊልም ያየነው የደጋውን ሰው ነው እንጂ መጀመሪያ ከተመቱትና ክፉኛ ካለቁት ውስጥ አፋሮች ነበሩ። ላርስ ቦንደስታም የሚባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተመው ጥናት የጥጡን እርሻና የአፋሮችን እልቂት አያይዞ ጻፈ። ዝናብ ከዚያ በፊትም ቀርቶ ያውቃል። ያን ጊዜ ግን ዝናብ ሲቀር የሚመለሱበት ወንዝ ዳር በጥጥ ተይዞ ነበር። ዝናቡን ያስቀረው አላህ ነው፤ አጥሩን ያጠረው ግን ሰው ነው። «ቀደር ነው» ያልከኝ ወንድሜ፣ ሁለቱን አትቀላቅል።

ደርግ መጣና «መሬት ላራሹ» ተባለ። መፈክሩን ራሱን ተመልከቱት፤ ላራሹ! የማያርሰውስ? የ1967ቱ አዋጅ ዘላኑ በልማድ በሚያሰማራበት መሬት ላይ መብት አለው ብሎ ጽፎ ነበር፤ ዳሩ ግን የኩባንያዎቹ እርሻ ለባለቤቱ አልተመለሰም፣ የመንግሥት እርሻ ሆነ። መልካ ሳዲና መልካ ወረር ላይ መሬቱን በመስኖ አጨቀዩት፣ ጨው ወጣበት፣ ጥለውት ሄዱ። በዚያው ዘመን አሚባራ ላይ የተተከለው ፕሮሶፒስ ዛሬ በክልሉ ከአንድ ሚሊዮን ሄክታር በላይ ወርሯል። አፋሮች «ደርጊ ሐራ»፣ የደርግ ዛፍ ይሉታል። እሾሁ የግመል እግር ያቆስላል፣ ከሥሩ ሣር አያበቅልም።

ኢሕአዴግም መጣ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 5 አርብቶ አደሩ የግጦሽ መሬት በነጻ የማግኘትና ከይዞታው ያለመፈናቀል መብት አለው አለ። ደስ ይላል። አሥር ዓመት ቆይቶ የገጠር መሬት አዋጅ 456/1997 በአንቀጽ 5 መንግሥት የመሬት ባለቤት ስለሆነ የወል ይዞታን እንዳስፈላጊነቱ ወደ ግል ይዞታ ሊለውጥ ይችላል አለ። በአንድ እጅ ሰጥቶ በሌላው መንሳት ይሉሃል ይህ ነው። ተንዳሆ ላይም ግድብ ተሠርቶ 50,000 ሄክታር ሸንኮራ ታቀደ። ዛሬ 456ን የተካው አዋጅ 1324/2016 ነው። ከኛ ውስጥ ስንቶቻችን አንብበነዋል? እውነቱን እንነጋገር፣ ብዙዎቻችን ስለመኖሩም አልሰማንም።

«ታዲያ ልማት አያስፈልግም ልትለን ነው? ስኳር አትጠጣም?» የሚል አይጠፋም። እጠጣለሁ፣ ሦስት ማንኪያ። ግን ልማት ከተባለ ሂሳቡ ይሠራ። ሮይ ቤንኬና ካሮል ከርቨን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ያንን ሂሳብ ሠሩት። በአዋሽ ሸለቆ አንድ ሄክታር መሬት በጥጥ፣ በሸንኮራና በከብት እርባታ ምን ያስገባል ብለው አነጻጸሩ። ያገኙት ውጤት ከብት እርባታው ከጥጡም ከሸንኮራውም እንደሚበልጥ ነው፤ ያውም ያለ ጨዉና ያለ ግድቡ ወጪ። አስቡት፤ የመጀመሪያው ጥጥ ከተዘራ ግማሽ ክፍለ ዘመን አልፎ ነው ይህ ጥያቄ በዚህ መልክ የተጠየቀው። ያ ሁሉ መሬት የተወሰደው «ባዶ ነው፣ አይጠቅምም» ተብሎ ነበር።

ለዚህ ነው ጥናት የምለው። ጥናት ሲባል ለዲግሪ የሚጻፍ፣ መደርደሪያ ላይ የሚያረጅ ወረቀት ብቻ የሚመስለው አለ። ፕሮፌሰር ደሳለኝ ራህማቶ እ.ኤ.አ. በ2011 መሬት ለባለሀብቶች እንዴት እንደሚተላለፍ ጽፈው ባያሳትሙ ኖሮ፣ ዛሬ ስለዚያ ዘመን የመሬት ዝውውር ስናወራ ምን ይዘን እናወራ ነበር? ወሬ ብቻ። ወሬ ይዞ ቢሮ የገባ ሰው ደግሞ ወሬውን ይዞ ይወጣል።

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። በአዋጅ 1161/2011 መሰረት መሬቱን እንዲለቅ የታዘዘ ሰው ቅሬታ ማቅረቢያ ጊዜው 30 ቀን ነው። ሠላሳ ቀን! ትእዛዙ ቀበሌ ሲደርስ ሰውየው ከመንጋው ጋር ሜዳ ላይ ነው። ሲመለስ ቀኑ አልፏል። ቢደርስ እንኳ ምን ይዞ ይቅረብ? የከተማ ሰው ካርታ አለው፣ የደጋው ገበሬ ደብተር አለው። የወል ግጦሽ ያለው ሰው ያለው የአባቶቹ ቃል ነው። ቦረናና ጉጂ ውስጥ ሰፋፊ የግጦሽ ክልሎች በማህበረሰቡ ስም ተለክተው እንዲመዘገቡ ሙከራ ተደርጓል፤ ይቻላል ማለት ነው። ሥራው ግን ሽማግሌ ይዞ በእግር መዞር፣ የውሃ ጉድጓዱን ስምና የመንጋውን መንገድ መጻፍ፣ በስልክ ነጥብ መያዝ፣ ከጎረቤት ጎሳ ጋር ተማምኖ መፈራረም ይጠይቃል። ይህንን የሚሠራ ልጅ ከኛ መሃል የለም? ሕግ የተማረው፣ ጂአይኤስ የሚያውቀው፣ አፋርኛ የሚናገረው ሞልቷል። አፋሮች እኮ ዳጉ የሚባል የወሬ መረብ አላቸው፤ ሁለት ሰው መንገድ ላይ ከተገናኘ ቁጭ ብሎ ያየውንና የሰማውን አንድ በአንድ ሳይነጋገር አይለያይም። መረጃው አለ። ያልተሠራው እሱን ቢሮ ወደሚቀበለው ወረቀት መለወጥ ነው።

ደግሞ ሐቁን እንናገር ካልን ሁሉንም እንናገር። በደሉ ከውጭ ብቻ የመጣ አይደለም። ሱልጣን አሊሚራህ ራሳቸው በአውሳ የጥጥ እርሻ ነበራቸው። ከደርግ በኋላ ለጎሳዎች የተመለሰ መሬትም ብዙ ቦታ በጎሳ መሪዎች በኩል ለባለሀብት ተሰጥቶ ጥቅሙ ለጥቂት ሰው ሆኗል። የወል መሬት በሽማግሌ ፊርማ ብቻ ሲሄድ፣ ሴቷና ድሃው እረኛ አይጠየቁም። የራሳችን ሰው ሲወስድ ዝም፣ ሌላው ሲወስድ ጩኸት ከሆነ፣ ይህ ሐቅ ፍለጋ አይደለም።

«ፖለቲካ ነው» ላልከኝ አድሚን፣ አንድ ነገር ላስታውስህ። ቡኻሪ የዘገቡትን የዑመርን (ረ.ዐ) ታሪክ ታውቀዋለህ። ሒማ በሚባለው ክልል ግጦሽ ላይ ሁነይ የሚባለውን ሰው ሲሾሙት፣ የተበዳይን ዱዓ ፍራ አሉት። ጥቂት ግመልና ጥቂት በግ ያለውን አስገባ፣ የዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍንና የዑስማን ኢብኑ ዐፋንን መንጋ ግን ጠንቀቅ በል አሉት። ለምን? ሀብታሞቹ መንጋቸው ቢያልቅ ተምርና እርሻ አላቸው፤ ድሃው ግን ቤተሰቡን ይዞ እደጄ ይመጣል፣ ሣርና ውሃ ከመስጠት ደግሞ ወርቅና ብር መስጠት ይከብደኛል አሉ። እዚያው ላይ መሬቱ የሰዎቹ መሆኑን፣ እሱን ይዘው እንደሰለሙ፣ ሒማውን የከለሉትም ለጂሃድ እንስሳት ባይሆን ኖሮ አንድ ስንዝር እንደማይነኩባቸው በአላህ ስም ማሉ። ስማቸው የተጠራው ሁለቱ ሰዎች ጀነት የተበሰሩ ሰሃቦች ናቸው! ዑመር ይህን ሲናገሩ ከሶደቃ ግሩፕ ታስወጣቸው ነበር?

ሂሳቡ ያው ነው። ሣሩ ከተወሰደ ሰውየው እደጃችን ይመጣል፣ እኛም ካርቶን ይዘን እንቆማለን። ቁርኣን ውስጥ ረጅሟ አንቀጽ እኮ ስለ ዕዳ መጻፍና ምስክር ማቆም ነው። የአንድ ሰው ብድር እንዲጻፍ በታዘዘበት ዲን ውስጥ፣ የአንድ ሕዝብ ግጦሽ ሳይጻፍ ሲቀር ምንም የማይሰማን ለምንድን ነው?

ቦቴው ይቁም አላልኩም። ዛሬ የተጠማ ዛሬ ይጠጣ። ግን ከሚሰበሰበው ላይ ለአንድ ጠበቃ፣ ለሁለት ለኪ ልጆችና ለአንድ ከረጢት ደብተር የሚሆን ይለይ። ገንዘቡ ዘካ ከሆነ ለዚህ መዋል አለመዋሉን ዑለማዎችን እንጠይቅ፤ ጠቅላላ ሶደቃ ከሆነ ምን ያግደናል? ማህበራችን ስለ ድርቁ መግለጫ ሲያወጣ ደግሞ የውሃ ቦቴ ቁጥር ብቻ አይዘርዝር፤ እርዳታ የወሰድንበት ቀበሌ የበጋ ግጦሽ የት እንደነበር፣ አሁን ማን እንደያዘው፣ በየትኛው ውል እንደያዘው ይጻፍበት።

አድሚን ወንድሜ፣ ይህን ጽሑፍ ግሩፑ ላይ ብታጠፋውም አልቀየምህም። ብቻ ቀጣዩ ቦቴ ሲወርድ ጋቢናው ውስጥ አንድ ወንበር ያዝልኝ። ደብተርና ቻርጅ የተደረገ ስልክ ይዤ እመጣለሁ። እናንተ ውሃውን እስክታራግፉ ሽማግሌዎቹን አንድ ነገር ብቻ እጠይቃቸዋለሁ፦ ይህ ሁሉ ከመሆኑ በፊት፣ በበጋ የት ነበር የምታሰማሩት?