የአያት ጎፈርና አዲሱ ጎፈር

ጎፈር ከአንበሳ የአንገት ጠጉር ተሠርቶ በራስ ላይ የሚደፋ የጦር ሰው ጌጥ ነው። ቀድሞ ማንም እንደ ወደደ አይደፋውም ነበር፤ አንበሳ የገደለ ወይም በጦርነት ጀግንነቱ የታየ ሰው ነበር እንጂ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ ጎፈር የደፉ ጀግኖች ተዋግተዋል።

ዛሬ የዚያ ቀን በዓል ሲከበር ብዙ ሰዎች አዲስ አሠርተው ይደፋሉ። ይህን የሚነቅፉ አሉ፤ እኔ ግን አልነቅፍም። የፍየል ጠጉር ተሰፍቶ ቢደፋ አንበሳው በዱር ይኖራል፥ የአያትም ጎፈር ከዝናብና ከላብ ይድናል። ሠሪው ግን ስሙንና ዓመቱን ከውስጥ በኩል በቆዳው ላይ ይጻፍ።

እኔ የምነቅፈው አዲሱን በጢስ አጥቁሮ «ከዓድዋ የመጣ ነው» እያለ የሚሸጠውን ነው። እርሱ ያታለለው ገዢውን ብቻ አይደለም፤ ነገ የባልዋን አያት እውነተኛ ጎፈር ይዛ የምትመጣውን ባልቴት ማን ያምናታል?