ዕቃ ከመለወጡ በፊት ምርመራ ይቅደም

የደብረ ማርቆስና የአካባቢዋ ንግድ በመንገድ ላይ የቆመ መሆኑ ለማንም የተሰወረ አይደለም። ከጎጃም ደጋ የሚነሣው ጤፍ፣ ስንዴና ባቄላ ወደ አዲስ አበባ የሚደርሰው፣ ከአዲስ አበባም ቆርቆሮው፣ ጨርቃ ጨርቁና የሱቅ ዕቃው ሁሉ ወደ ጎጃም የሚገባው 300 ኪሎ ሜትር ያህል በሚሆነው አውራ መንገድ ነው። ይህ መንገድ በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል ወደ ዓባይ በረሃ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ፣ ወንዙን ከተሻገረ በኋላ ያንኑ ያህል መልሶ ይወጣል። እህሉን የሚያጓጉዘው የጭነት መኪና ቢሆንም፣ ነጋዴው ራሱ ገበያ ለመቃኘት፣ ሒሳብ ለመሰብሰብና ውል ለመፈጸም የሚመላለሰው በትንሽ አውቶሞቢል ነው። ስለዚህ የአውቶሞቢል ጤንነት የመካኒክ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የንግድም ጉዳይ ነው።

ይሁን እንጂ አውቶሞቢል በተበላሸ ጊዜ በብዙ ስፍራ የሚሠራበት ልማድ የሚያስመሰግን አይደለም። ሞተሩ ሲግል ማራገቢያው ይለወጣል፤ ማራገቢያው ተለውጦ ግለቱ ካልቀረ ራዲያተሩ ይለወጣል፤ ራዲያተሩም ካላዳነው ሌላ ዕቃ ይፈለጋል። በመጨረሻ ጥፋቱ የአንድ ፊውዝ ወይም የአንድ ዝገት የያዘው ማገናኛ ሆኖ ይገኛል። ባለመኪናው ሦስት ዕቃ ገዝቶ አንድ ብልሽት አስጠግኗል ማለት ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ይስማማል። የዚህም ምክንያት የመካኒኩ አለማወቅ ብቻ አይደለም፤ ዋናው ምክንያት ለምርመራ የሚከፍል ሰው መጥፋቱ ነው።

የጉዳዩን ክብደት ለመረዳት በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት የአውቶሞቢል ክፍሎች ሁለቱን፣ ማለት የራዲያተሩን ማራገቢያና በግጭት ጊዜ ሰውን የሚያድነውን ኤርባግ መመልከት ይበቃል። በመጀመሪያው የሚጠፋው ገንዘብ ነው፤ በሁለተኛው የሚጠፋው ሕይወት ሊሆን ይችላል።

በከባድ መኪናዎችና በብዙ ሚኒባሶች ማራገቢያው በቺንጋ ከሞተሩ ጋር ይዞራል። በኮሮላ፣ በቪትዝና እነሱን በመሳሰሉት ትንንሽ አውቶሞቢሎች ግን ማራገቢያውን የሚያዞረው ራሱን የቻለ የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። ውሃው በብዙ መኪናዎች ከ90 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ሴንሰሩ ያስታውቃል፤ ኮምፒውተሩ ሪሌውን ያዛል፤ ሪሌውም ከባትሪው ኃይል አምጥቶ ማራገቢያውን ያስነሣል። መኪናው በሜዳ በፍጥነት ሲሄድ ነፋሱ ራሱ ራዲያተሩን ስለሚያቀዘቅዘው የማራገቢያው መበላሸት ላይታወቅ ይችላል። ከዓባይ ድልድይ ወደ ደጀን ጭነት ከተሸከመ መኪና ኋላ ኋላ እያዘገሙ ሲወጡ ግን ሞተሩ ብዙ ሙቀት ያወጣል፣ ነፋስም የለም። በዚያን ጊዜ ጉድለቱ ይገለጣል።

ለደጋው አገር አንድ ሌላ ነገርም መጨመር ያስፈልጋል። ንጹሕ ውሃ በባሕር ጠለል በ100 ዲግሪ የሚፈላ ሲሆን፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ባላት በደብረ ማርቆስ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። አየሩም ከባሕር ዳርቻው አየር በአንድ አምስተኛ ያህል ስለሚሳሳ ሙቀትን የመውሰድ ኃይሉ ያንሳል። የራዲያተሩ ክዳን ደኅና ከሆነ እንፋሎቱን አፍኖ የመፍያውን ሙቀት 20 ዲግሪ ያህል ከፍ ያደርገዋል። ጎማው ያረጀ ክዳን ግን ይህን ስለማይችል፣ ማራገቢያው እንዲነሣ ከሚታዘዝበት ሙቀት አስቀድሞ ውሃው ሊፈላ ይችላል። እንግዲህ ምንም ያላጠፋው ማራገቢያ ተወንጅሎ የሚለወጠው በአንዲት ርካሽ ክዳን ጥፋት ነው።

ስለዚህ የምርመራው ተራ የታወቀ መሆን አለበት። በመጀመሪያ ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ የውሃው መጠንና ክዳኑ ይታያሉ። የጋለ ራዲያተር መክፈት ፊትን ያቃጥላል፤ በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መገልበጥም ቴስታታውን ሊሰነጥቀው ይችላል። ቀጥሎ ፊውዙ፣ ማለት ቫልቮላው ይመረመራል። ተቃጥሎ ከተገኘ በልኩ ይተካል እንጂ ከልኩ የበለጠ ወይም ሽቦ አይገጠምበትም፤ ሁለተኛ ጊዜ ከተቃጠለ ሞተሩ ተይዟል ወይም ሽቦው ተላጥቶ ከብረት ጋር ተነካክቷል ማለት ነውና። ሦስተኛ፣ ሪሌው በዚያው መኪና ውስጥ ካለ ተመሳሳይ ሪሌ ጋር ተቀያይሮ ይታያል። አራተኛ፣ ለማራገቢያው ሞተር ከባትሪው በቀጥታ ኃይል ይሰጠዋል። በደንብ ከዞረ ሞተሩ ደኅና ነው፤ ጥፋቱ በትእዛዙ መንገድ ነው። ካልዞረ ወይም እየተንገዳገደ ከዞረ፣ ያን ጊዜ ብቻ አዲስ ሞተር መግዛት ተገቢ ይሆናል። በመጨረሻም ሴንሰሩ፣ ማገናኛዎቹና ሽቦው ከመኪናው አካል ብረት ጋር የሚታሰርበት ቦታ በቴስተር ይለካሉ። በብዙ መኪናዎች የሴንሰሩ ማገናኛ ሲነቀል ኮምፒውተሩ ለጥንቃቄ ብሎ ማራገቢያውን ስለሚያስነሣ ይህም አንድ ምልክት ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ እጅን ከማራገቢያው ማራቅ ግዴታ ነው፤ በአንዳንድ መኪናዎች ቁልፉ ተዘግቶም ሳይታሰብ ይነሣልና። ይህ ሁሉ ምርመራ ለሚያውቅ ሰው ረጅም ሰዓት የማይወስድ ሥራ ነው።

ኤርባግ ግን በዚህ መንገድ አይመረመርም። በመሪው ውስጥና በተሳፋሪው ፊት ተጣጥፎ የተቀመጠው ከረጢት በግጭት ጊዜ የሚነፋው በሚቀጣጠል ንጥረ ነገር ኃይል ነው፤ የሚነፋውም ከዓይን ጥቅሻ ባነሰ ጊዜ ነው። ማቀጣጠያውን ለማስነሣት ጥቂት ኤሌክትሪክ ይበቃል። ስለዚህ በቴስተር ወይም በመፈተኛ አምፑል ኤርባጉን መንካት ፈንጂን በክብሪት ብርሃን እንደ መመልከት ነው። ሥራ ከመጀመሩ በፊት የባትሪው ኔጌቲቭ ይፈታል፤ በመቆጣጠሪያው ውስጥ የተጠራቀመው ኃይል እስኪያልቅም ሠሪው ኩባንያ የወሰነው ጊዜ ይጠበቃል። ይህ ጊዜ በአንዳንዶቹ 90 ሴኮንድ፣ በሌሎቹም ከዚያ የበለጠ ነው።

ባለመኪናው በበኩሉ ሊያደርገው የሚችል ቀላል ምርመራ አለ። ቁልፉ ሲከፈት የኤርባጉ ቀይ መብራት ጥቂት ሴኮንድ በርቶ መጥፋት አለበት። ሳይጠፋ ከቀረ በሥርዓቱ ውስጥ ጉድለት አለ፤ በግጭት ጊዜም ኤርባጉ ላይነሣ ይችላል። ከነጭራሹ ካልበራ ደግሞ የባሰ ነው፤ ምናልባት አንድ ሰው ጉድለቱን ለመሸሸግ መብራቱን ነቅሎታል ማለት ነውና።

የዚህ መብራት መንስኤ ብዙ ጊዜ ኤርባጉ ራሱ አይደለም። በመሪው ሥር የሚጠቀለለው ሪባን መሰል ሽቦ መሪው በዞረ ቍጥር ስለሚታጠፍ በዘመን ብዛት ይበጠሳል። ከፊት ወንበሮች ሥር ያሉት ቢጫ ማገናኛዎችም ጆንያና ካርቶን ሲጐተትባቸው ይላቀቃሉ፤ በክረምት ጭቃ የገባበት ወለል በውሃ ሲታጠብም ይዝጋሉ። ከእህል መጋዘን አጠገብ የሚያድር መኪና ደግሞ ሽቦውን አይጥ ሊበላው ይችላል። የደከመ ባትሪም መብራቱን የሚያስነሣበት ጊዜ አለ። ማናቸውም ቢሆን የሚገኘው የኤርባጉን ኮምፒውተር ማንበብ በሚችል የምርመራ መሣሪያ ነው። በየገበያው የሚሸጠው ርካሽ መሣሪያ አብዛኛውን ጊዜ የሞተሩን ኮድ እንጂ የኤርባጉን የማያነብ መሆኑንም ገዢዎች ማወቅ ይገባቸዋል። ከዚህም በላይ ኮዱ ምልክት እንጂ ፍርድ አይደለም። መሣሪያው «የሾፌሩ ኤርባግ መሥመር ተቋርጧል» ቢል የተበላሸውን መሥመር ነገረ እንጂ ኤርባጉ ይለወጥ አላለም። ይህን ሳይለዩ ውድ ዕቃ ማዘዝ ከግምት አይሻልም።

በዚህ ንግድ ውስጥ የተደበቀ ነውርም አለ። አንዳንድ ሰዎች ኤርባጉ የተነሣበትን መኪና ሲሸጡ በኤርባጉ ፈንታ ትንሽ ሬዚስተር ይገጥሙና ኮምፒውተሩን ያታልሉታል። መብራቱ ይጠፋል፣ መሪው በክዳን ይሸፈናል፣ ገዢውም ባዶ ክዳን ፊት ለፊቱ ይዞ ዓባይን ይሻገራል። ይህ በሚዛን ከማጭበርበር የከፋ ነው፤ በሚዛን የተጭበረበረ ሰው ቢያንስ ነገ ተመልሶ ይከራከራልና።

ከፈራረሱ መኪናዎች የሚነቀል አሮጌ ኤርባግ ማስመጣትም ትርፍ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ታካታ የተባለው የጃፓን ኩባንያ የደረሰበት ነገር ለአስመጪዎች ሁሉ ትምህርት ነው። በኤርባጎቹ ውስጥ የነበረው አሞኒየም ናይትሬት በሙቀትና በእርጥበት እየተበላሸ፣ በግጭት ጊዜ የብረት መያዣው እየተሰባበረ ሰዎችን ገድሏል። በአሜሪካ ብቻ 67 ሚሊዮን ያህል ማቀጣጠያዎች እንዲመለሱ ታዝዟል፤ ኩባንያውም በ2017 እ.ኤ.አ. ከስሯል። ቶዮታን፣ ሆንዳንና ኒሳንን ጨምሮ ብዙ ሠሪዎች ይህን ዕቃ ይጠቀሙ ነበር። እንዲህ ያለው ብልሽት በዓይን አይታይም፤ የሚታወቀው በሻንሲ ቍጥር ከሠሪው ኩባንያ በማጣራት ነው። ኤርባግ በዓለም አቀፍ የጭነት ደንብም ከአደገኛ ዕቃዎች ጋር የሚቆጠር መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

ይህ ሁሉ ዛሬ ከምንጊዜውም የበለጠ ክብደት አለው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪናዎች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር ደግሞ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሆነ፤ ከውጭ የሚመጣው ዕቃ ሁሉ ተወደደ። በእጅ ያለው አሮጌ አውቶሞቢል እንግዲህ ብዙ ዓመት ሊሠራ የሚገደድ ነው። ያለ ምርመራ የሚለወጥ እያንዳንዱ ዕቃ በከንቱ የወጣ የውጭ ምንዛሪ ነው። አዲሶቹ የኤሌክትሪክ መኪናዎችም ማራገቢያና ኤርባግ አላቸውና ከዚህ ሥርዓት አያመልጡም።

አንዳንድ ባለሱቆች «ደንበኛው የጠየቀውን ዕቃ መሸጥ እንጂ መኪናውን መመርመር የሱቅ ሥራ አይደለም» ይላሉ። አነጋገሩ እውነት አለው፤ ነገር ግን በግምት የተሸጠ ዕቃ የአንድ ቀን ትርፍ ነው። ዕቃው መኪናውን ሳያድን ሲቀር ደንበኛው የሚያማው መካኒኩን ብቻ ሳይሆን «የማይረባ ዕቃ ሸጠልኝ» ብሎ ባለሱቁንም ነው። መካኒኮችም በበኩላቸው «ሁለት ሰዓት ፈልገን አንድ ፊውዝ ብንለውጥ የሚከፈለን የፊውዝ ዋጋ ነው» ይላሉ። በዚህ አነጋገራቸው ሊወቀሱ አይገባም። ለምርመራ ሳይከፍል ለዕቃ ብቻ የሚከፍል ባለመኪና፣ መካኒኩ ከዕቃ ሽያጭ እንዲኖር ራሱ አስተምሮታል። ለሐኪም የምርመራ ዋጋ የሚከፍል ነጋዴ መኪናው ሲታመም ይህን የሚነፍግበት ምክንያት የለም።

መድኃኒቱም በነጋዴው እጅ ነው። ባለመኪናው ለምርመራ የተለየ ዋጋ ይክፈል፤ የተገኘውም ጉድለት በጽሑፍ እንዲሰጠው ይጠይቅ። ባለሱቁ ማራገቢያ ወይም ኤርባግ ከመሸጡ በፊት ጉድለቱ በምን እንደ ታወቀ ይጠይቅ፤ ክዳን፣ ፊውዝ፣ ሪሌና ማገናኛም እንደ ተራ ዕቃ ሳይንቅ በልካቸው ያስቀምጥ። አስመጪው አሮጌ ኤርባግ ማስመጣቱን ትቶ የኤርባግ ኮምፒውተር የሚያነብ መሣሪያ ያስመጣ። ዋጋው ለአንድ ጋራዥ ከከበደ የአንድ ከተማ ነጋዴዎች ተባብረው ሊገዙትና ከቴክኒክና ሙያ ትምህርት የወጣ ወጣት ሊቀጥሩበት ይችላሉ። ለዚህ ወጣት የሚከፈለው ደመወዝ በግምት ለሚገዙት ዕቃዎች በየዓመቱ ከሚወጣው ገንዘብ ጋር ይመዛዘን፤ ሒሳብ የሚያውቅ ነጋዴ ውጤቱን ራሱ ያገኘዋል።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። የደጀንን ዳገት የሚወጣ ሞተር ቅጠሉ በጊዜው የተደረገ ምርመራ ነው፤ መብራቱ በርቶ ለቀረ ኤርባግ ደግሞ ከግጭት በኋላ የሚደረግ ምርመራ ለማንም አይጠቅምም።