ስፖንሰር የሌለው ዘፈን የት ይሰማ?

«ጥሩ ሥራ ራሱን ያወጣል» የምትል ፈሊጥ በግቢያችን ሥር ሰዳለች። ሙዚቃ የሚሠራ ልጅ ሰሚ አጣሁ ብሎ ሲያማርር፣ አጠገቡ ማኪያቶውን የሚያማስለው ጓደኛው ይህችን ቃል ጣል ያደርግለታል፤ ነገሩም በዚያው ያልቃል። እኔ ግን ይህች አባባል ውሸት ናት እላለሁ። የሚመቻትም ጆሮውን ማስቸገር ለማይፈልግ ሰው ነው።

ማስረጃ አምጣ ለሚለኝ አንድ ካሴት አቀርባለሁ። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1981 ከጓደኞቹ ጋር ለሥራ አሜሪካ ተሻግሮ እዚያው ቀረ። በ1985 አኮርዲዮኑን ከሲንተሳይዘርና ከሪትም ማሽን ጋር አዋሕዶ ብቻውን አንድ ካሴት ሠራ፤ ካሴቱም አገር ቤት ገብቶ ተሸጠ። ከዚያስ? ከዚያ ሰውየው ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ነዳ። በ2013 ብራያን ሺምኮዊትዝ የሚባል አሜሪካዊ ይህንን ካሴት ባሕር ዳር ከአንድ ሱቅ አገኘው። ይህ ሰው ከ2006 ጀምሮ «ኦሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ» በሚል ስም በኢንተርኔት አንድ ገጽ ከፍቶ፣ ከገበያ የለቀማቸውን የአፍሪካ ካሴቶች ለዓለም ሲያስደምጥ የኖረ ነው። ኃይሉን አፈላልጎ ደወለለት፤ ሥራውን እንደ ገና አሳተመ፤ አሠራሩም ትርፉን ከሙዚቀኛው ጋር እኩል መካፈል ነው። ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሰ፤ በ2018 አዲስ አልበም አወጣ።

ሃያ ስምንት ዓመት! ጥሩ ሥራ ራሱን የሚያወጣ ከሆነ ይህ ካሴት ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ምን ይጠብቅ ነበር? አቧራውን የጠረገለት አንድ ሰው ነው፤ ያ ሰው ደግሞ አማርኛ አይሰማም። አገሩ በሙሉ ሬድዮ ነበረው፤ ጋዜጠኛ ነበረው፤ «የኪነ ጥበብ ዐምድ» የሚባል ነገር ነበረው። ለመሆኑ እኛ የት ነበርን?

ይህን ባልኩ ቁጥር ሁለት ዓይነት ሰው ይነሣብኛል። አንደኛው «ፈረንጅ ዘረፈን» ይላል። ሁለተኛው «ፈረንጅ ባይኖር ምን ይውጠን ነበር» ብሎ ይሰግዳል። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ «ኢትዮጲክስ» የተባለውን ተከታታይ ሲያወጣ የአምሃ እሸቴን ሸክላዎች ያሳተመው ከራሱ ከአምሃ ጋር ተስማምቶ ነው፤ ስለዚህ ዘረፋ የሚለው ጩኸት እዚህ ላይ አይሠራም። ለሰጋጁ ደግሞ አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ሸክላውን መጀመሪያ ማን አሳተመው?

ያሳተመው የሃያ አራት ዓመት ወጣት ነው። ዛሬ እዚህ መጽሔት ላይ የምንጽፈው ልጆች እኩያ ማለት ይቻላል። በዚያ ዘመን ሸክላ የማሳተም መብት በንጉሠ ነገሥቱ ድንጋጌ ለአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር፤ ማኅበሩ ግን በመብቱ እምብዛም አይሠራበትም። አምሃ በ1961 ዓ.ም. ድንጋጌውን ወዲያ ትቶ የዓለማየሁ እሸቴን ድምፅ ቀዳ፤ ሕንድ አገር ልኮ አሳተመ፤ ሱቁ ውስጥ ሸጠ። ዘፈኑ በሕዝቡ ዘንድ ሲወደድ ከልካዩም ዝም አለ። እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ ከመቶ በላይ ትንንሽ ሸክላና ደርዘን ያህል ትልልቅ ሸክላ አወጣ፤ ከዚያም ዘመኑ ሲከፋ አገር ለቆ ተሰደደ። ዛሬ ዓለም «የኢትዮጵያ ወርቃማ ዘመን» እያለ የሚደነቅበት ነገር ትልቁ ክፍል የዚህ አንድ ወጣት እልኸኝነት ፍሬ ነው። ዘፋኞቹማ ቀድሞም በፖሊስና በክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ ውስጥ ነበሩ፤ የጎደለው አስደማጭ ነበር።

ወደ ዛሬው እንምጣ። ከሀይሌ ጋርመንት አደባባይ ወዲያና ወዲህ፣ በጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ በለቡ (ሰፈሩስ አንድ ወገኑ «ሙዚቃ ሰፈር» ይባል የለ!) ስንት ልጅ ነው በብርድ ልብስ በተሸፈነ ቁም ሣጥን ውስጥ ድምፁን የሚቀዳው? አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ ማይክ፣ መብራት ሲጠፋ መጠበቅ፣ የጎረቤት እህል ሲወቀጥ መጠበቅ። በሌላ አገር ይህን መሰል ሙዚቃ «አንደርግራውንድ» ይሉታል፤ ከመሬት በታች ማለት ነው። የኛው ግን አራተኛ ፎቅ ላይ ነው ያለው፤ ያውም ውኃ በማይወጣበት። ራፕ አለ፤ ሮክ አለ፤ የክራርን ድምፅ ቆራርጦ በኮምፒዩተር የሚሰፋ አለ። ከዚህ ዓይነቱ ሙዚቃ አንዱ የሚካኤል ሰይፉ «ዘላለም» ነው፤ እሱም እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ኒው ዮርክ ነው። የውጭ የሙዚቃ ገጾች ጻፉበት። እዚህ በታክሲ ውስጥ ሲዘፈን የሰማ ሰው ካለ እጁን ያውጣ።

ከሀይሌ ጋርመንት ሳሪስ ድረስ በሚሄደው ታክሲ ውስጥ የምንሰማው ምንድን ነው? ኤፍ ኤም ነው። ኤፍ ኤም ስንል የእንግሊዝ እግር ኳስ ነው፤ የባንክ ማስታወቂያ ነው፤ በመካከሉ ትናንት የሰማነው ዘፈን ነው። ጣቢያ ከበቂ በላይ አለ። ቢሆንም ጣቢያ ሲበዛ ጆሮ በዛ ማለት አይደለም፤ ምክንያቱም ብዙዎቹ ፕሮግራሞች የአየር ሰዓት ገዝተው በሚገቡ ተባባሪ አዘጋጆች የሚሠሩ ናቸው። አዘጋጁ ሰዓቱን በገንዘብ ገዝቷል፤ ስለዚህ ገንዘቡን የሚመልስለት ስፖንሰር ያስፈልገዋል፤ ስፖንሰሩ ደግሞ የታወቀ ስም ይፈልጋል። በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያ ከሬድዮና ከቴሌቪዥን ሲታገድ (እገዳውን አልቃወምም) ገመዱ ይበልጥ ጠበቀ። የማውቀው ልጅ ዘፈኑን በፍላሽ ይዞ ወደ አንድ ጣቢያ ሄዶ ነበር። «ስፖንሰር ይዘህ ና» ተባለ። ዘፈኑን ማንም አልሰማለትም፤ ፍላሹንም አልሰኩትም።

ለአዘጋጆቹ አዝናለሁ፤ ደመወዝ የላቸውም። ነገር ግን ይህን ገበያ «ሙዚቃችንን ማስተዋወቅ» እያሉ መጥራት ይብቃቸው።

አሁን ደግሞ ዘመናዊው ጓደኛዬ ይመጣል። «ሬድዮ ሞቷል፤ ቲክቶክ አለ፤ ዩቲዩብ አለ፤ ቴሌግራም አለ፤ ምን ጎደለ?» ይለኛል። የጎደለው መራጭ ሰው ነው። ቲክቶክ አሥራ አምስት ሴኮንዷን ወስዶ ያስጨፍርባታል፤ የግጥሙን ደራሲ፣ የሙዚቃ አቀናባሪውን፣ ባስ የመታውን አይነግርህም። ደግሞስ የማን ቤት ነው? ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ቴሌግራም፣ ዩቲዩብ፣ ቲክቶክ ተዘግተው እንደ ከረሙ ረሳኸው? ሥራውን ሁሉ በሰው ቤት ያስቀመጠ ሰው በሩ ሲቆለፍበት ደጅ ይቆማል።

ሌላ አገር ምን ተደረገ? እ.ኤ.አ. በ1994 ምሥራቅ ለንደን ውስጥ ጥቂት ወጣቶች አንቴናቸውን በፎቅ ቤቶች ጣሪያ ላይ ተክለው ያለ ፈቃድ ሬድዮ ጀመሩ፤ ስሙ ሪንስ ኤፍ ኤም ነው። የሚያጫውቱት ትልልቁ ጣቢያ የናቀውን፣ በዚያው ሰፈር ፎቅ ቤቶች ውስጥ የሚሠራውን ሙዚቃ ነበር። ግራይም የሚባለው የሙዚቃ ዓይነት በእንዲህ ዓይነት ጣቢያዎች ላይ አደገ። አሥራ ስድስት ዓመት ሲያሳድዷቸው ኖረው በ2010 መንግሥት ፈቃድ ሰጣቸው። ጀሞ ጣሪያ ላይ አንቴና እንትከል እያልኩ አይደለም፤ ዲሹ ራሱ ቦታ አልተወልንም፤ ደግሞም መታሰር አልወድም። እኛ ጣሪያ መውጣትም አያስፈልገንም፤ በሕግ የተፈቀደ በር አለን። የ2013ቱ የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ የማኅበረሰብ ብሮድካስትን ያውቃል። ዩኒቨርሲቲዎቻችንም የማኅበረሰብ ሬድዮ ከፍተዋል፤ ጅማን ውሰዱ፤ ሐረማያን ውሰዱ። ማኅበረሰቡ ታዲያ ማን ነው? እኛ አይደለንምን?

ስለዚህ የምጠይቀው ይህ ነው። በዩኒቨርሲቲ ሬድዮ በሳምንት አንድ ሰዓት፣ ስፖንሰር የማይገባበት፣ የተማሪ ይሁን። ከዚያች ሰዓት ግማሹ በየትኛውም ጣቢያ ተሰምቶ የማያውቅ ሥራ ይሁን። ከእያንዳንዱ ዘፈን በኋላ የደራሲው፣ የአቀናባሪው፣ የተጫዋቾቹ ስም ይነበብ፤ ስም ማንበብ ገንዘብ አይጠይቅም። የሠራው ሰው ሳይፈቅድ ምንም አይጫወት። መጥፎ ሥራ ሲመጣም መጥፎ ነው ይባል፤ የሰፈራችን ልጅ ስለ ሆነ ብቻ የምናጨበጭብ ከሆነ ባይጀመር ይሻላል።

ፈቃዱ እስኪመጣ ደግሞ ቁጭ ብሎ መጠበቅ የለም። የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ነን፤ ስለ አንድ ዘፈን ሁለት ገጽ መጻፍ ካቃተን ትምህርቱ ምን ሊሠራልን ነው? ይህች መጽሔት በየእትሟ አንድ ገጽ ትልቀቅ። በስልክ የተቀዳ የአንድ ሰዓት ፕሮግራም በየአሥራ አምስት ቀኑ ይውጣ፤ በቴሌግራምም ይሰራጭ፤ ቅጂው ግን በሁለት ሃርድ ዲስክ በሁለት የተለያየ ቤት ይቀመጥ። ለመጀመሪያው ፕሮግራም ከጀሞ ሦስት፣ ከለቡ ሁለት፣ ከሳሪስ አንድ ሥራ ቃል ተገብቶልኛል። ፍላሽ ያላችሁ አምጡ፤ መጀመሪያ ከቫይረስ አጽዱት።