ደርግ ሄደ፤ ቤቱስ የማን ነው?

ደርግ የወደቀው ግንቦት 1983 ነው። በሦስተኛው ወር ኢስቶኒያም ከሶቪየት ኅብረት ተላቀቀች። ሁለቱም አገሮች ፊታቸውን ወደ ገበያ አዞሩ። ኢስቶኒያ የተወረሰ መሬትና ቤት ለቀድሞ ባለቤቶች ወደ መመለስና ወደ መካስ ገባች። እኛ ጋ ግን በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ከተወረሰው ትርፍ ቤት ብዙው የቀበሌ ቤት እንደሆነ ቀረ፤ መሬቱንም የ1987ቱ ሕገ መንግሥት የመንግሥትና የሕዝብ ነው አለ።

የልዩነቱ ምክንያት ይሄ ብቻ ነው አንልም። ግን ጎጃም በረንዳ ላይ በቀበሌ ቤት የሚነግድ ሰው ትርፉን ዕቃ ላይ ያውላል እንጂ ግድግዳ አያድስም። መቼ ተነሣ እንደሚባል አያውቅማ! ቤቱን አስይዞም ከባንክ አይበደርም።

ገበያውን መክፈት ቀላል ነበር። ከባዱ «ይሄ የማን ነው?» ሲባል ዛሬም ነገም አንድ መልስ የሚሰጥ መሥሪያ ቤት ማቆም ነው። እናንተስ ምን ትላላችሁ?