ሴራሚክ ከመሸጥ በፊት ስለ ግድግዳው መጠየቅ

በዳሞት ፑላሳ ወረዳ ዋና ከተማ በሻንቶ፣ እንደ ሌሎቹም የወላይታ ከተሞች፣ ብዙው ቤት በእንጨትና በጭቃ የቆመ ነው። ባለቤቱ ገንዘብ ባገኘ ጊዜ ጭቃውን በሲሚንቶ ያስለስናል፤ ቀጥሎም በጓሮ የነበረውን መታጠቢያ ወደ ቤቱ አስገብቶ ግድግዳውን ሴራሚክ ሊያለብሰው ይነሣል። የባለሙያ ዋጋ ስለሚከብደው ሥራውን በገዛ እጁ ለመሥራት የሚያስበው ሰው ጥቂት አይደለም። ይህ አሳብ የሚመሰገን እንጂ የሚነቀፍ አይደለም። እኛ የምንነቅፈው፣ ሴራሚኩን የሸጠለት ነጋዴ ካርቶኑን ቈጥሮ ገንዘቡን ሲቀበል ግድግዳው ከምን እንደ ተሠራ ሳይጠይቀው መቅረቱን ነው።

ሴራሚክ በግድግዳው ይጸናል እንጂ ግድግዳውን አያጸናም። የጭቃ ግድግዳ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ በውስጡ ያለውም እንጨት ይጣመማል፣ ምስጥም ይበላዋል። በላዩ የተለሰነው ሲሚንቶ ከጭቃው ጋራ እኩል ስለማይንቀሳቀስ ውሎ አድሮ ይላቀቅና ሴራሚኩን እንደ ተሸከመ ይወድቃል። ውኃ በመጋጠሚያው ሰርጎ የገባ እንደ ሆነ ደግሞ ጥፋቱ ከመታጠቢያ ቤቱ አልፎ የቤቱን ምሰሶ ይነካል። ስለዚህ ውኃ በሚፈስበት በኩል በጭቃው ላይ ከመለጠፍ ይልቅ፣ የራሱ መሠረት ያለው የብሎኬት ግድግዳ ከጭቃው ነጥሎ ማቆም ይሻላል። ወጪ እንዳለው አንክድም፤ ነገር ግን አንዱን ግድግዳ ለማልበስ ሁለት ጊዜ ሴራሚክ ከመግዛት ይቀላል።

ብሎኬት ላለውም ሰው ቢሆን ሥራው የሚጀምረው ከልስኑ ነው። አዲስ ልስን ጥቂት ቀናት ውኃ እየጠጣ ይቈይ፣ ከዚያም በደንብ ይድረቅ፤ የሲሚንቶ ጥንካሬ የሚለካው በ28ኛው ቀን መሆኑን ቸኳይ ሁሉ ቢያውቀው መልካም ነበር። ቀለም የተቀባ ግድግዳ ቀለሙ ተፍቆ ይሻክር፤ ሲያንኳኩት ባዶ ድምፅ የሚሰጠውም ስፍራ ፈርሶ እንደ ገና ይለሰን። ጀሶ በተለሰነ ግድግዳ ላይ በሲሚንቶ መለጠፍ ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ጀሶ ውኃ ሲያገኘው ይላላል፣ ከሲሚንቶውም ጋራ ተዋሕዶ እያበጠ ሴራሚኩን ገፍቶ ይጥለዋል። ግድግዳው በቱንቢና በውኃ ልክ ከተስተካከለ በኋላ፣ ውኃ የማያሳልፈው ቅብ ሁለት ጊዜ ተቀብቶ ሲደርቅ መለጠፉ ይቀጥላል።

አስመጪው የሚጠየቅበትም ነገር አለ። በገበያችን «ሴራሚክ» የሚለው አንድ ስም ጠባያቸው የማይመሳሰል ሁለት ዕቃዎችን ይሸፍናል። ተራው የግድግዳ ሴራሚክ ከክብደቱ ከ10 በመቶ በላይ ውኃ ስለሚጠጣ፣ በውኃ ተነክሮ በሲሚንቶ ሊለጠፍ ይችላል። ፖርሴሊን የሚባለው ግን የሚጠጣው ከ0.5 በመቶ ስለማይበልጥ ተራ ሲሚንቶ አጥብቆ አይዘውም፤ ለእርሱ የተዘጋጀ ማጣበቂያ ያስፈልገዋል። ይህን ልዩነት በካርቶኑ ላይ በባዕድ ቋንቋ ጽፎ መተው፣ ለሻንቶ ገዥ ምንም እንዳልጻፉ ይቈጠራል። በአማርኛና በወላይትኛ አራት መስመር ያለው ወረቀት በየካርቶኑ መለጠፍ አስመጪውን ምን ያህል ያከስረዋል? የውጭ ምንዛሪ ተመን ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ከውጭ የሚገባ ዕቃ በብር ሲታሰብ እጅግ ተወድዷል። ከግድግዳ ላይ ወድቆ የሚሰበር ሴራሚክ የተገዛው ላኪዎቻችን ቡናና ቅመም ሸጠው ባገኙት ምንዛሪ ነውና፣ ነገሩ ላኪውንም ይመለከታል።

ባለሱቁ «እኔ ሻጭ እንጂ ግንበኛ አይደለሁም» ይል ይሆናል። ጨርቅ የሚሸጥ ነጋዴም ልብስ ሰፊ አይደለም፤ ነገር ግን ለአንድ ቀሚስ ስንት ክንድ እንደሚበቃ ያውቃል። ወርዱ 1.5 ሜትር፣ ርዝመቱ 2 ሜትር የሆነ መታጠቢያ ቤት ዙሪያው 7 ሜትር ነው፤ እስከ 2 ሜትር ከፍታ ሲለበስ 14 ካሬ ሜትር ይሆናል። ከዚህ ላይ የበሩን 1.4 ካሬ ሜትር ቀንሶ፣ ለሚቈረጠውና ለሚሰበረው 10 በመቶ ሲጨመርበት ወደ 14 ካሬ ሜትር ገደማ ይመለሳል። ይህ በደረሰኝ ጀርባ ላይ የሚሠራ ሒሳብ ነው። ማጣበቂያውንና ቅቡን ከሴራሚኩ አጠገብ ደርድሮ የሚያሳይ ባለሱቅም ትርፉ ይጨምራል እንጂ አይጐድልም።

የካርቶኖቹ የምርት ቍጥር አንድ መሆኑን ሻጩ ገዥው ፊት ይመልከት፤ በልዩ ልዩ ጊዜ የተመረተ ሴራሚክ ስሙ አንድ ሆኖ ቀለሙ ሊለያይ ይችላል። በገዛ እጁ የሚሠራውንም ሰው፣ ሴራሚኩን ሲቈርጥ በውኃ እያራሰ እንዲቈርጥ ይንገረው፤ ብናኙ ሳንባን ይጐዳል። ከተረፈው ሦስት አራት ፍሬ ለጥገና ይቀመጣል። ያልተከፈተውን ካርቶን ግን ባለሱቁ በደረሰኙ መልሶ እንደሚቀበለው በሽያጩ ዕለት ቢስማማ፣ ገዥው አሳንሶ ከመግዛትና ኋላ ቀለሙ የማይገጥም ዕቃ ፍለጋ እስከ ሶዶ ከመመላለስ ይድናል።